ከእቅፍ የወረደው ልጅ

ሁለተኛ ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያው ባሕርይ መለወጡን ያላየ ቤተሰብ የለም። ሽንቱን መናገር ጀምሮ የነበረው ልብሱ ላይ ይለቃል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያድር የነበረው እየባነነ ያለቅሳል። ሲያጎርሱት አፉን ይዘጋል፤ ዞር ሲሉለት የጨቅላውን እግር ይቆነጥጣል። ይህን አይተን ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፤ «ቀንቶ ነው፣ ይለምደዋል።» ይህ መልስ በከሚሴም፣ በደሴም፣ በአዲስ አበባም እኩል ይሰማል። እኔ ግን አልቀበለውም። ቅናት የለም ለማለት አይደለም። ቅናት ብለን በምንጠራው ነገር ውስጥ ረኀብ አለ፣ የእንቅልፍ ማጣት አለ፣ የወባ ትንኝ አለች፤ ከሁሉም በላይ ልጁን ብድግ አድርጎ የሚያቅፍ ሰው መጥፋት አለ። ይህን ሁሉ ጠቅልለን የሁለት ዓመት ሕጻን ጠባይ ነው ስንል፣ ለእኛ የሚቀረን ሥራ እስኪለምደው መጠበቅ ብቻ ይሆናል። «ለመደው» የተባለው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የከሳና ዝም ያለ ልጅ ነው።

ነገሩን ከከሚሴ ተነስቼ የማየው በምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ዙሪያዋን ዳዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲና ጂሌ ጥሙጋ አሉ፤ ወዲያ ባቲ አለች። ቆላማ ናት፣ ትሞቃለች፤ የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ ደጇ ናቸው። የከተማውና የገጠሩ ኑሮ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ፣ የአያት ምክርና የጤና ባለሙያ ምክር በአንድ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ። ሁለት ትንንሽ ልጆችን አንድ ክፍል ውስጥ ማሳደግ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ በደንብ ይታያል።

«ለጅብ እንስጠው?»

የአራስ ቤት በከሚሴ ባዶ አይሆንም። ጎረቤት ገንፎውን አገንፍታ ቅቤውን መሐሉ ላይ አድርጋ ትመጣለች፤ ሌላዋ አጥሚቱን በቴርሞስ ይዛ ትገባለች። በሰባተኛው ቀን አቅሙ ያለው ለጨቅላው የሚታረደውን አቂቃ ያወጣል፣ ለሕጻኑ ስም ይወጣለታል፣ ዱዓ ይደረጋል። ይህ ባህል እናትን ከሞት ያተረፈ፣ ከብቸኝነት ያዳነ ባህል ነውና ማንም እንዲነካብን አልፈልግም። ነገር ግን አንድ ከሰዓት እንዲህ ያለ ቤት የገባ ሰው መጋረጃውን ጨብጦ የቆመውን ልጅ ልብ ይበል። እናቱ መደቡ ላይ ናት፤ ሰው ከቧታል፤ እሱ አልፎ እንዳይደርስባት «ትታመማለች» ተብሎ ተመልሷል። አፍንጫው ፈስሷል፣ አንድ እግሩ ላይ የእናቱን ነጠላ ጫማ አድርጓል። አንዷ እንግዳ ታየውና ለጨዋታ ብላ፣ «አንተ፣ ጡትህን ቀማህ እኮ! ለጅብ እንስጠው?» ትለዋለች። ቤቱ ይስቃል። ልጁ አይስቅም፤ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ጨቅላውን ያያል። ማታ ጨቅላውን ሲቆነጥጥ «አያችሁ፣ ቀናተኛ ነው» ይባላል።

ተቀማህ ያልነው እኛ ነን። ጨቅላው ተቀናቃኙ እንደሆነ፣ ለጅብ ሊሰጥ እንደሚችል ያስተማርነው እኛ ነን። ያስተማርነውን ሲደግምልን ጠባዩ ነው አልን። በእንግሊዝ ካምብሪጅ ጁዲ ደን እና ካሮል ኬንድሪክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለተኛ ልጅ የተወለደባቸውን 40 ቤተሰቦች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1982 መጽሐፍ አውጥተዋል። አብዛኞቹ ታላላቅ ልጆች ታናናሾቻቸው ሲወለዱ ተረብሸዋል። ግን የተረበሹት እነዚያው ልጆች ለጨቅላው ትልቅ ፍቅርና ጉጉት አሳይተዋል። እናትየው ገና ከመጀመሪያው «ምን ፈልጎ የሚያለቅስ ይመስልሃል? ርቦት ይሆን?» እያለች ጨቅላውን እንደ ሰው እያስተዋወቀች ያወራችለት ልጅ፣ ከወራት በኋላ ከታናሹ ጋር የነበረው ወዳጅነት የጠነከረ ሆኖ ተገኝቷል። የካምብሪጅ ቤት የከሚሴ ቤት አይደለም፤ ሙቀቱም፣ ጎረቤቱም፣ ድህነቱም ይለያያል። ነገር ግን ልጅ ለታናሹ ያለው ስሜት አዋቂ በሚነግረው ቃል መሠራቱ የትም አገር ያው ይመስለኛል። «ለጅብ እንስጠው» ማለትን ትቶ «ና፣ እግሩን ዳብስለት» ማለት ገንዘብ አያስወጣም።

ጡት የሚቋረጥበት ቀን

የታላቁ ልጅ ችግር የሚጀምረው ግን ታናሹ በተወለደ ዕለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ እናትየው ማርገዟን ባወቀች ዕለት ይጀምራል። የእርጉዝ ጡት ልጅ ያከሳል፣ ሆዱን ያሳምመዋል የሚለው እምነት ከወሎም አልፎ በብዙው የአገራችን ክፍል ሥር የሰደደ ነው። ስለዚህ ጡቱ እሬት ይቀባል፣ አንዳንዴም በርበሬ። ወይም ልጁ ገጠር አያቱ ዘንድ ይላክና በጥቂት ቀን ውስጥ ጡት እንዲረሳ ይደረጋል። ይህን እምነት የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልንቀውም። አያቶቻችን ያዩት እውነት ነው፦ እናቱ ስታረግዝ ልጁ ይከሳል። የተሳሳቱት ምክንያቱ ላይ ነው። እርግዝናው ሲገፋ የወተቱ መጠን ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ልጁ ከጡት ሌላ የሚጠግብበት ነገር ካልተተካለት ይከሳል። ጡቱን በአንድ ጊዜ ስንነጥቀው ደግሞ የባሰ ይከሳል። ጤናማ በሆነ እርግዝና ጡት ማጥባት ፅንሱንም ጡት የሚጠባውንም እንደማይጎዳ የሕክምና ባለሙያዎች ይናገራሉ። ደም የሚታያት ወይም ከዚህ በፊት ያለጊዜዋ የወለደች እናት ግን ሐኪም ማማከር አለባት። ታናሹ ከተወለደም በኋላ ቅድሚያውን፣ በተለይም የመጀመሪያውን እንገር፣ ለጨቅላው ሰጥቶ ሁለቱን ማጥባት ይቻላል።

በዚህ መንገድ የሚጎዳው ልጅ የከሚሴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በዛሬዋ ጋና ትሠራ የነበረችው ሐኪም ሲስሊ ዊሊያምስ እግራቸው ያበጠ፣ ቆዳቸው የሚላላጥ፣ ፀጉራቸው የቀላ ሕጻናትን አየች። ልጆቹ ተከታይ ተወልዶባቸው ጡት የተዉና በበቆሎ ገንፎ ብቻ የሚያድሩ ነበሩ። ያየችውን እ.ኤ.አ. በ1933 ጽፋ አሳተመች፤ ዛሬ ኳሺዮርኮር የምንለውን በሽታ ዓለም በስሙ ያወቀው በእሷ ነው። ስለ በሽታው መንስኤ ሳይንሱ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጨምሯል፤ የፕሮቲን ማነስ ብቻውን እንደማያስረዳው ይታወቃል። ተጎጂው ልጅ ግን ያው ነው፤ ገና ሳይጠነክር ቦታውን የለቀቀው። በእኛም አገር የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕጻናት 38 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን ሲያሳይ፣ በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር። በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕጻናት ለዕድሜያቸው የሚበቃውን ምግብ በዓይነትም በቀን ድግግሞሽም ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። መቀንጨር የሚጀምረውና የሚብሰው ልጅ ከእናት ወተት ወደ ቤተሰቡ ማዕድ በሚሻገርበት ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ በብዙ ቤት ተከታዩ የሚመጣበት ጊዜ ነው።

ለከሚሴ ቤተሰብ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ቁርኣንም በአል-በቀራ ምዕራፍ እናቶች ልጆቻቸውን ሁለት ሙሉ ዓመት እንደሚያጠቡ ይናገራል። ብዙዎች እስከዚህ ድረስ ያውቃሉ። ያው አንቀጽ ግን ይቀጥላል፦ ልጁን ከዚያ በፊት ጡት ማስጣል ቢፈለግ እናትና አባት ተመካክረውና ተስማምተው ይሁን ይላል። እሬቱን የምትቀባው እናት ብቻዋን ስትወስን፣ አባት ደግሞ ሳያውቅ ሲቀር አይቻለሁ። ይህን ከመስጊድ መድረክ የሚያብራራ አንድ ኢማም ከብዙ ፖስተር የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ጡት የሚያቆም ልጅ ምን ይበላል የሚለውም የሁለቱም ወላጆች ጉዳይ ነው። ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ለአራሷ ወይም ለገበያ ነው፤ ልጁ የሚደርሰው ሽሮ የነካው የማሽላ እንጀራ ነው። አራሷ እንቁላሉን አትብላ አልልም። ከሁለት አንዱ ለታላቁ ልጅ ይሁን ነው የምለው።

አጎበሩ ሥር ስንት ሰው ይተኛል?

ስለ ሁለት ልጆች ስንነጋገር የማይነሳ አንድ ነገር መኝታ ነው። ጨቅላው ሲመጣ ታላቁ ከእናቱ ጎን ይነሳል። ጨቅላውን እንዳይጫነው ነውና ማስነሳቱ ልክ ነው። ግን ወዴት ይሄዳል? ከአያቱ ጋር መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ፣ ወይም ከአባቱ ጋር በሌላ አልጋ። አጎበሩ ያለው እናትየው አልጋ ላይ ነው። ከሚሴ ወባማ ናት። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት፣ በጨፋ ሜዳ ውሃው ሲተኛ፣ የትንኞቹ ጊዜ ነው። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕጻናትና ነፍሰ ጡሮች በወባ ክፉኛ የሚጎዱ መሆናቸውን የአካባቢው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሆኖም በዚያ ሌሊት ከአጎበር ሥር የወጣው የሁለት ዓመት ልጅ ጡትም የተወ፣ አቅሙም የደከመ ልጅ ነው። ትኩሳት ሲይዘው ልቅሶው «ቅናት» ተብሎ ሁለት ቀን ከዋለ ጉዳቱ ከባድ ነው። ትኩሳት ያለው ሕጻን በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይድረስ የሚለው ምክር ለጨቅላው ብቻ የተነገረ አይደለም። አጎበር ሲታደል የቤተሰቡ ቁጥር ይታያል። ጨቅላ ሲወለድ ግን መኝታው እንደገና ስለሚደለደል፣ አጎበሩም አብሮ መደልደል አለበት።

የጠፋው እጅ

እዚህ ላይ ትልልቆቻችን የሚያነሱት ክርክር አለ፤ ክብደት ያለው ክርክር ነው። «እናቶቻችን ስምንትና አሥር ወልደው አሳድገዋል፤ ያን ጊዜ ስለ ታላቁ ልጅ ማን ተጨነቀ?» ይላሉ። ያሳደጉት እውነት ነው፣ ስንቶቹን እንደቀበሩም ግን አብረን እናስታውስ። ደግሞም ብቻቸውን አላሳደጉም። አራሷ አርባ ቀን ስትተኛ ታላቁን አንቀልባ ላይ የምታዝለው የባል እህት ወይም የሚስት ታናሽ ነበረች። የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ እሷም ልጅነቷ ሳያልቅ፣ ያንን ልጅ ስታበላ፣ ስታጥብ፣ እሹሩሩ ስትል ትውል ነበር። ዛሬ ያቺ አክስት የለችም። ከከሚሴ፣ ከባቲና ከደቡብ ወሎ ወረዳዎች እጅግ ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ሄደዋል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ ነገሩ ምን ያህል ስፋት እንዳለው አገሩ ሁሉ አየ፤ ጉዞው ግን አልቆመም። አክስትየዋ ሪያድ ወይም ጂዳ ሆና የሰው ልጅ ታዝላለች። ለእህቷ ብር ትልካለች፣ የቆርቆሮ ወተትና ልብስ ትልካለች። እጇን ግን መላክ አትችልም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት ናት፤ እሰየው፣ እዚያው ትሁን።

በዚህ ላይ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አካባቢውን ያናወጠው ግጭትና ጦርነት አለ። ቤተሰብ ተፈናቅሏል፤ አያት አንድ ቦታ፣ ልጅ ሌላ ቦታ ቀርቷል። ከተማ ገብቶ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው እናቱን አምጥቶ የሚያስቀምጥበት ጥግ የለውም። ስለዚህ «እናቶቻችን ችለውት ነበር» ስንል፣ ዛሬ ለአንዲት ሴት ብቻዋን እንድትችለው የምንጭንባት የአራትና የአምስት ሰው ሥራ ነው። እናትየዋ ሰነፍ አልሆነችም፣ ልጁም ባለጌ አልሆነም።

አራርቆ መውለድ

ሌላው ክርክር ከጤና ባለሙያዎች ይመጣል። ጠቅላላው ችግር አራርቆ ባለመውለድ የመጣ ነው፤ እናቶች የእርግዝና መከላከያ ቢጠቀሙ ይህ ሁሉ ባልነበረ ይላሉ። በዚህ በከፊል እስማማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል፤ ይህ ሁለቱ የማጥቢያ ዓመታት ሳይነኩ ይለፉ ማለት ነውና ከአካባቢው እምነት ጋር የሚጣላበት ምክንያት አይታየኝም። ምክሩ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ባልየውም ባለበት ሊነገር ይገባል። የማልስማማው ነገሩ እዚያ ላይ ሲዘጋ ነው። ሁለተኛው ልጅ ተወልዷል። ታላቁ የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ልጅ ሆኖ በር ላይ ቆሟል። ለእሱ «እናትህ መርፌ ብትወስድ ኖሮ» ማለት ምን ይፈይድለታል? እናትየዋን ደግሞ ያሳፍራታል። ያፈረች እናት ጤና ኬላ መሄድ ትተዋለች፤ በመቅረቷ የሚጎዱት ሁለቱም ልጆች ናቸው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ 20 ዓመት አልፎታል። ሠራተኞቹ በገጠር ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየሄዱ የሠሩት ሥራ ትልቅ ነው። ነገር ግን አራስ ሲጎበኝ ጥያቄው ስለ እናትና ስለ ጨቅላው ነው። ደም ቆመ ወይ፣ ጡት ያዘ ወይ፣ እትብቱ ደረቀ ወይ። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መጋረጃውን ስለያዘው ልጅ ግን የሚጠይቅ የለም። እናትየዋ ጨቅላውን ለአርባ አምስት ቀን ክትባት ጤና ጣቢያ ስትወስድ ታላቁ ለጎረቤት ተትቶ ይቀራል። እሱ ግን ለራሱ የሚገባው ብዙ ነገር አለ። ከ6 ወር ጀምሮ እስከ 5 ዓመቱ በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ ይገባዋል። በ15 ወሩ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት መውሰድ ነበረበት፤ ወስዷል ወይ? የክንዱ ዙሪያ ይለካ፤ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል ይፈልጋል፣ ከ11.5 በታች ከሆነ በአፋጣኝ ሕክምና የሚሻ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ መለኪያው ጥብጣብ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ። የዞኑ ጤና መምሪያ ለአርባ አምስት ቀን ቀጠሮ «ታላቁንም ይዘሽው ነይ» የሚል ልማድ ቢጀምር ተጨማሪ በጀት የሚጠይቀው ነገር አይታየኝም።

ማን ይዞት ይምጣ?

አንዲት አራስ ሁለት ልጅ ይዛ ባጃጅ ላይ ልትወጣ አትችልም። ስለዚህ ነገሩ አባት ላይ ይደርሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ፣ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ሰጥቷል። ከዚያ በፊት በነበረው ሕግ ምንም ስላልነበረው ሦስቱ ቀን እንደ ድል ተቆጥሮ ነበር። ሦስት ቀን ግን ለአቂቃውም አይደርስም። ደግሞም አብዛኛው የዞኑ አባት ገበሬ፣ ነጋዴ ወይም የቀን ሠራተኛ ነው፤ አዋጁ ጭራሽ አይነካውም። እሱን የሚነካው ሰፈሩ ምን ይለኛል የሚለው ነው። ወንድ ልጅ አዝሎ ገበያ ሲገባ የሚያዩበት ዓይን አለ። ነቢዩ ሙሐመድ የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው መስገዳቸው፣ ሱጁድ ሲወርዱ እያስቀመጧት ሲነሱ እያነሷት፣ በሐዲስ ተዘግቧል። ሶላት ላይ ልጅ መሸከም ካላሳፈረ ከሚሴ መናኸሪያ ላይ ልጅ መሸከም የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም። አባት ጨቅላውን ማጥባት አይችልም። ታላቁን ልጅ ማብላት፣ ማጠብ፣ ከእሱ ጋር አጎበር ሥር መተኛት፣ በአርባ አምስተኛው ቀን ትከሻው ላይ አድርጎ ጤና ጣቢያ ማድረስ ግን ይችላል። ገንፎ ይዛ የምትመጣው ጎረቤትም እንዲሁ፤ አራሷን ጠይቃ ስትወጣ ያንን ልጅ ለአንድ ከሰዓት ቤቷ ወስዳ ከልጆቿ ጋር ብታበላው፣ እናቱም እንቅልፍ ታገኛለች፣ እሱም ሆዱ ሞልቶ ይመለሳል።